በሞዴል አሥራ ዘጠኝ የገቡት ሰባት ሞፈሮች

ሩሃማ ሳቅ ሲመጣባት መያዝ አትችልም፤ ይህ ደግሞ ሙዚየም ውስጥ ለሚሠራ ሰው አይመችም። አለቃዋ አቶ ተስፋዓለም «ሙዚየም የዝምታ ቤት ነው» ይላሉ። ይህን ሲሉ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጋሻ ከእንቅልፉ እንዳይነቃ የሚሰጉ ይመስላሉ። እሷ አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ ታሪክ ተምራ በኮንትራት ደብረ ማርቆስ የተቀጠረች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ስድስት እህትማማች ከሚንጫጩበት ቤት ወጥታ ዝምታን ከየት ታምጣው?

ሥራዋ ሙዚየሙን ከትምህርት ቤቶች ጋር ማገናኘት ነበር። እሷ እስክትመጣ ድረስ ተማሪ ወደዚያ ቤት የሚገባው በዓመት አንድ ቀን ነው። ተሰልፎ ይገባል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት አንብቦ ይወጣል። ቤቱ ሲደርስም የሚያስታውሰው ያንኑ ወረቀት ነው። ሩሃማን ይህ አንጀቷን አሳረራት። ሮብ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን መምህር የሽዋስን አግኝታ አነጋገረችውና ሙዚየሙና ትምህርት ቤቱ የትብብር ስምምነት ተፈራረሙ። አቶ ተስፋዓለም የፈረሙት ግን እስከ ሰኔ ድረስ ለሙከራ ብቻ ነው። «አንድ ወላጅ ቅሬታ ይዞ እዚህ በር ላይ ከቆመ ስምምነቱ ያበቃል፤ ያንቺም ኮንትራት አብሮ ያበቃል» አሏት። እሳቸው ያሉትን ይረሳሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም፤ በደብዳቤም ሰጥተዋታል።

በግንቦት ሩሃማ ለየሽዋስ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ሰጠች። እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ካለው ሁሉ በዕድሜ ትልቁን ዕቃ ያመጣል፣ መግለጫውን ራሱ ይጽፋል፣ ዕቃው ዓርብ ሙዚየም ገብቶ ቅዳሜና እሁድ ለሕዝብ ይታያል፣ ሰኞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አርባ ልጆች እጃቸውን አወጡ። ሩሃማ የምትጠብቀው የተሸነቆረ እንስራ፣ የዛገ ፋኖስ፣ አንገቱ የተሰበረ ማሰሮ ነበር። የከተማ ልጅ አሮጌ ዕቃ ሲባል ጡረታ የወጣ ዕቃ ይመስላታል። በገበሬ ቤት ግን ጡረታ የሚባል ነገር የለም። የማይሠራ ዕቃ ማገዶ ይሆናል፤ በዕድሜ ትልቁ ዕቃ ከሁሉም በላይ የሚሠራው ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ የሹፌሩ የአበባው አይሱዙ ልጆቹንና ዕቃቸውን ጭኖ በሙዚየሙ በር ሲገባ ሩሃማ ዓይኗን ማመን አቃታት። ከልጆቹ ራስ በላይ ሰባት ሞፈሮች ከነቀንበራቸውና ከነማረሻቸው ተደርድረዋል። እናት ጠዋት የምታበጥርበት ሰፌድ፣ አባት ዝናብ የሚከላከልበት የሣር ገሳ፣ እህል የሚሰፈርበት ቁና፣ ሁሉም እዚያ አለ። አንዷ ልጅማ ከጋቢናው ቅድመ አያቷን እጃቸውን ይዛ አወረደች። «በቤታችን በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው» አለች።

እማማ ማንጠግቦሽ ዘጠና ምናምን ዓመታቸው ነው። የቀረበላቸው ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡና «ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልታይ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሩሃማ ሳቋ አመለጣት።

«ሞፈሩን አባቶቻችሁ ፈቅደው ነው?» ብላ ልጆቹን ጠየቀቻቸው።

መልሱን የሰጠችው ወንጌላዊት ናት። ወንጌላዊት የጌታሰው ልጅ፣ የክፍሉ አንደኛ፣ ስታወራ ጣቷን እየቆጠረች የምታወራ ልጅ ናት። «ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ አይታረስም። ቅዳሜ አይታረስም። እሁድ አይታረስም። ሰኞ ገብርኤል ነው፣ አይታረስም። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ማክሰኞ ሲነሡ ሞፈሩ በቦታው ይሆናል።»

በዚህ ስሌት ላይ ምን ይባላል? ሩሃማ ተደሰተችና ዕቃዎቹን መረከብ ጀመረች። ሥራ በዝቶባታል፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ እማማ ማንጠግቦሽ ዙሪያቸውን ለከበቧቸው የከተማ ተማሪዎች ስለ አንበጣ ዘመን እያወሩ ነው። መረካከቢያ ቅጽ ስትፈልግ በመሳቢያዋ ውስጥ ያለው አንድ ጥራዝ ብቻ ሆነ፤ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የመንግሥት ንብረት ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። ወረቀት ወረቀት ነው ብላ ሠላሳ ዘጠኙንም ዕቃ በእሱ ተረከበች፣ ፈረመች። አርባኛዋ እማማ ማንጠግቦሽ ነበሩ፤ «የተሠራበት ቁስ» የሚለው ሳጥን ስላስቸገራት ሳትመዘግባቸው ቀረች፤ ማታ አበባው ወደ ቤታቸው መለሳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለችው ነው፤ ሩሃማ ግን ማፍሰሷን እንኳ ገና አላወቀችም።

ሁለቱ ቀን ሠርግ ሆነ። ከባጃጅ ሹፌር እስከ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሰዉ እየጎረፈ የልጆቹን መግለጫ አነበበ። አቶ ተስፋዓለም ሳይቀሩ ሁለት ጊዜ ፈገግ አሉ፤ አንዱን እሷ በዓይኗ አይታለች።

ሰኞ ጠዋት አበባው አይሱዙውን አዙሮ አቆመ። ሩሃማ የመጀመሪያውን ሞፈር በአንድ ጫፍ ይዛ ስትጎትት አቶ ተስፋዓለም በሌላው ጫፍ ያዙት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ባለቤቱ ነዋ ጋሼ። ሰኞ ነው።»

አቶ ተስፋዓለም ጥራዙን ዘረጉት። «ባለቤቱ መንግሥት ነው። በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገብቷል፣ ፊርማው ያንቺ ነው። እኔም እሁድ ከሰዓት ቁጥር ሰጥቼ ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍሬዋለሁ።» እውነትም በየሞፈሩ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል፤ ጽሕፈታቸው ደግሞ ሲያምር! «ቅርስ የሚወጣው በሞዴል ሃያ ሁለት ነው። ሞዴል ሃያ ሁለት የሚቆረጠው የቅርስ ኮሚቴው ሲወስን ነው። ኮሚቴው በየሦስት ወሩ ይሰበሰባል።»

«ቀጣዩ መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ተሰብስቧል።»

ሩሃማ መሳቅም ማልቀስም ፈለገች፤ ሁለቱም እኩል መጡባትና ስቅታ ሆነው ወጡ። አቶ ተስፋዓለም ክፉ ሰው አይደሉም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት አንዲት መርፌ ሳትጠፋ የኖሩት በዚህ ጠባያቸው ነው፤ እሷም ይህን ታከብርላቸዋለች። ያን ቀን ግን ጥራዙን ነጥቃ ብትበላው ደስ ይላት ነበር።

ስቅታዋ ሳይለቃት በሩ ላይ ሰዎች ቆሙ። ሰባት አባቶች ናቸው፤ ገብርኤልን አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ በሚኒባስ የመጡ። መምህር የሽዋስ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል። ወንጌላዊት የአባቷን ፊት እየሸሸች ከመምህሩ ጀርባ ተወሽቃለች። ጌታሰው ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። ከትናንት ጀምሮ ልጁን አንዲት ቃል አልተናገራትም፤ የሽዋስ ይህን ለሩሃማ በጆሮዋ ነገራት።

«እታለም» አለ ጌታሰው፣ «ነገ ወንፈሌ ነው።»

ሩሃማ ወንፈል ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ታውቃለች። ጎረቤት ተራ ገብቶ፣ በሬውንና ጉልበቱን ይዞ፣ አንድ ቀን የአንዱን ማሳ አንድ ቀን የሌላውን ያርሳል። መጽሐፉ ያልነገራትን ጌታሰው ነገራት። ነገ ካለፈ ረቡዕ ማርያም ናት፣ ሐሙስ የሌላ ሰው ተራ ነው፣ ዓርብ ጊዮርጊስ ነው፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁድ። ዝናቡ ደግሞ ጥሏል፤ ገብስ አይጠብቅም። የሚያርሱት የእሱን ጨምሮ ሰባት ጥማድ በሬዎች ናቸው፤ የሰባቱም ሞፈር እዚህ ቤት ውስጥ ከመስታወት ኋላ ተገትሯል።

«ልጆቹን ላኩልን አላችሁን፣ ደስ አለን። እናንተ ግን በልጅ እጅ ቤታችንን ጫናችሁ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «እንግዲህ ልጅም አንልክ።»

አቶ ተስፋዓለም ወደ ሩሃማ ዞሩ። «ቅሬታ» አሉ በሹክሹክታ፤ «በር ላይ።»

ሩሃማ ኮንትራቱን አይደለም ያሰበችው፣ ይቅርታ ይደረግላትና ኮንትራቱንም አስባለች፤ ከሁሉ የከበዳት ግን የወንጌላዊት ፊት ነው። ያቺ ልጅ ዓርብ ዕለት መግለጫዋን ሦስት ጊዜ ገልብጣ ሦስት ጊዜ አንብባላታለች። አሁን መሬት መሬት ታያለች። ሩሃማ ወደ ቢሮዋ ሮጠች፤ የፈለገችው መውጫ ቀዳዳ ነው። ያገኘችው የትብብሩን ስምምነት ነው። አሥራ አንድ አንቀጽ አለው፤ እውነቱን ለመናገር የሽዋስ ከሌላ ስምምነት ገልብጦት ስለነበር ማንም ከሦስተኛው አንቀጽ በላይ አላነበበውም። ሩሃማ ስድስተኛው ጋ ስትደርስ እንደ እብድ ጮኸች።

«ጋሼ! ስሙልኝማ! ‹ሙዚየሙ ቅርሶችን ለተግባር ትምህርት፣ በአስጎብኚ ታጅበው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ አካባቢ ይልካል፤ ቅርሶቹ ትምህርቱ ሲጠናቀቅ ይመለሳሉ።› ፊርማው የእርስዎ ነው!»

አቶ ተስፋዓለም ወረቀቱን ተቀብለው ሦስት ጊዜ አነበቡት። ፊርማቸውን በጣታቸው ዳሰሱት። ሕግ ነው፤ ሕግ ደግሞ ለእሳቸው እንጀራ ነው። «ይቻላል» አሉ በመጨረሻ። «መግለጫው ከቅርሱ አይለይም። ጎብኚ ሁሉ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ቅርስ በባዶ እጅ አይነካም። እኔም እመጣለሁ።»

ጌታሰው ግራ ገብቶት «ልረስበት ነው ወይስ ላየው ነው የምትሰጡኝ?» አለ።

«ያርሱበታል፣ ልጆቹ ያዩዎታል» አለች ሩሃማ። «ነገ ማሳዎ ሙዚየም ነው።»

ጌታሰው ነጠላውን አስተካከለ። ከፊቱም ላይ አንድ ነገር ላላ።

ማክሰኞ ጠዋት አበባው አይሱዙውን እስከ ማሳው ጫፍ አደረሰው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የጮቄ ተራራ ራስ በጉም ተጠቅልሏል፣ አርባው ተማሪ በድንበሩ ላይ ደብተሩን ይዞ ተሰልፏል። ሰባት ጥማድ በሬ ቆሞ ያመነዥካል። ሰፌዱም ገሳውም ቁናውም ቁጥራቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ታጅበው ገቡ። አቶ ተስፋዓለም በከረባት ወረዱ። በአንድ እጃቸው የጎብኚዎች መዝገብ፣ በሌላው አራት ጥንድ ነጭ የጥጥ ጓንት።

ጓንቱ ሲታደል ነው ነገሩ የለየለት። ስምንት ነጠላ ጓንት፣ ሰባት አራሽ። ደግነቱ እርፉ የሚያዘው በአንድ እጅ ነው፣ ሌላው እጅ ጅራፍ ይይዛል፤ ለያንዳንዱ አንድ አንድ ደረሰ። ሰባት ጎልማሶች ቀኝ እጃቸውን ነጭ አልብሰው፣ ከቀንበራቸው ላይ የልጆቻቸውን መግለጫ በክር አንጠልጥለው፣ «ሃ!» ብለው በሬዎቻቸውን ሲነዱ ሩሃማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መቆም አልቻለችም። የሽዋስ ሊያነሣት መጥቶ እሱም ከጎኗ ተቀመጠ። ልጆቹማ አይነገርም።

«ሠርግ ነው እንዴ!» አለች ከድንበሩ ማዶ አንዲት ሴት። «ሙሽራው የትኛው ነው?»

«ቀልዱን ተይና ፈርሚ!» አሉ አቶ ተስፋዓለም መዝገባቸውን ዘርግተው። መንገደኛ ሁሉ ፈረመ። ገበያተኛ ፈረመ። መጻፍ የማይችለውን ልጆቹ ስሙን ጻፉለት። አራት ሰዓት ሳይሞላ የጎብኚው ቁጥር ሙዚየሙ በወር ከሚያገኘው በለጠ።

ትምህርቱ እንዲህ ሆነ። ሩሃማ ያጠናችውን ልታስረዳ ትጀምራለች፣ ልጆቹ ያርሟታል። እሷ «ይህ ማረሻ ነው፣ አፈሩን ይገለብጣል» ትላለች። «አይገለብጥም መምህርት፣ ይሰነጥቃል!» ይሏታል በአንድ ድምፅ። እሷ «ድግሩ ለጌጥ» ብላ ሳትጨርስ ማሳው በሳቅ ተናወጠ። ወንጌላዊት መጣችና ድግሩ አፈሩን ወደ ሁለት ጎን የሚከፍል እንጨት እንደሆነ፣ ከተጣመመ በሬው እንደሚደክም፣ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻት። ሩሃማ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች። አዳማ ላይ ለአራት ዓመት ታሪክ ስትማር እንዲህ ደስ ብሏት የጻፈችበትን ቀን አታስታውስም።

ከቀትር በፊት አቶ ተስፋዓለም ለብቻቸው መንቆራጠጥ ጀመሩ። የጌታሰውን ትልም እየተከተሉ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ከረባታቸውን ይፈታሉ። በኋላ «የቅርሱን ደኅንነት በአካል ማረጋገጥ ይኖርብኛል» አሉና ስምንተኛውን ጓንት አጠለቁ።

«ያውቁታል እንዴ ጌታው?» አለ ጌታሰው።

«የሉማሜ ገበሬ ልጅ ነኝ።» ይህን በሠላሳ ዓመት አንድም ሰው ሲናገሩ አልሰማቸውም። እርፉን ያዙ፤ በሬዎቹ ዞረው አዩዋቸው። የመጀመሪያው ትልም ወደ ግራ ሄደ፣ ሁለተኛው ወደ ወንዙ፣ ሦስተኛው የት እንደሄደ አይታወቅም። አቶ ተስፋዓለም ግን እየጮኹ ነው። በሬዎቹን በስማቸው እየጠሩ፣ እያሞገሱ፣ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ይጮኻሉ። የዝምታ ቤት ጠባቂው! ሲመለሱ ጫማቸው በጭቃ ተውጧል፣ ዓይናቸው እርጥብ ነው። ሩሃማ አየችና መሳቋን አቁማ ውኃ አቀበለቻቸው። ደስታ አንዳንዴ ሰውን እንደዚህ ያደርገዋል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የጌታሰው ማሳ አለቀ። ያኔ ሩሃማ ቀኑን ሙሉ የሸሸችው ነገር ፊቷ ቆመ። አንቀጹ ትምህርቱ ሲጠናቀቅ ቅርሶቹ ይመለሳሉ ይላል። አበባው ሞተሩን አስነስቷል። ገና ስድስት የወንፈል ቀን ይቀራል፤ ሰባቱን ሞፈር ጭና ብትሄድ ነገ እነዚህ ሰዎች ጠላቶቿ ናቸው። ትታቸው ብትሄድ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ የፈረመችው እሷ ናት። ሳቁ ሁሉ ከሆዷ ወጣ።

ጌታሰው ጓንቱን አውልቆ እጁን ጠረገና ከቀንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት ያዘ። ማንበብ አይችልም። ሁለት ቀን ሙሉ ያላናገራትን ልጁን ጠራት። «አንች፣ ነይ እስቲ። ምንድን ነው የሚል?»

ወንጌላዊት ቀርባ ቆመች። ጣቷን አልቆጠረችም፤ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል አነበበች።

«‹ስሙ፦ ሞፈር። ባለቤቱ፦ አባቴ ጌታሰው። ዕድሜው፦ ከእኔ ይበልጣል፤ አያቴ ሲሞት ለአባቴ ሰጠው። የተሠራው፦ ከወይራ። ጥቅሙ፦ ቤታችን ያለው ሁሉ የመጣው በእሱ ነው፤ ይህ የያዝኩት እርሳስም በእሱ ነው። ማስታወሻ፦ አባቴ ሲደክመው እርፉን ተደግፎ ይቆማል። ከደገፈው በኋላ እንደገና ይስቃል።›»

ጌታሰው «ድገሚው» አለ። ደገመችው። ከዚያ ስድስቱም አባቶች የየራሳቸው ይነበብልን አሉ፤ የማን ይረዝማል፣ የማን ያምራል ተባለ፤ አንዱ የልጁ መግለጫ ሦስት መስመር ብቻ ሆኖበት «ነገ ጨምርበት!» ብሎ ጮኸ።

ጌታሰው ግን ሞፈሩን ከቀንበሩ ፈታ፣ ትከሻው ላይ አደረገ፣ ሄደና አይሱዙው ላይ ጫነው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሩሃማ።

«ይኸማ እዚያው መስታወት ቤት ይቀመጥ። ስሜ ተጽፎበት የት ይጣላል? እኔ ወይራ አላጣ፣ ሌላ እጠርባለሁ።»

እሱ ጫነ ተብሎ ማን ይቅር? ስድስቱም እየተጋፉ ጫኑ። ሩሃማ የተጫኑትን ስትቆጥር ከአይሱዙው ላይ አንድ ሞፈር ተመልሶ ወረደ። የሚያወርዱት አቶ ተስፋዓለም ናቸው።

«አይቻልም!» ይላሉ። «ለነገው ተረኛ በምን ሊታረስለት ነው?»

«ቅርስ ነው ብለውን አልነበር ጌታው?»

«ቅርስማ ነው! ለዚህ ነው የማይሄደው!»

አባቶቹ ይጭናሉ፣ እሳቸው ያወርዳሉ። ሰኞ በሩ ላይ የተጣሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው ብሎ ማን ያምናል? አበባው መሪውን ተደግፎ «ወስኑልኝ፣ ነዳጅ ነው የሚነደው» ይላል። ሁሉም ወደ ሩሃማ ዞሩ፤ ፊርማው የእሷ ነዋ።

ሩሃማ ቅርሶቹ ከሙዚየሙ የወጡበትን የጉዞ ቅጽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «ትምህርቱ የተጠናቀቀበት ቀን» የሚል ባዶ ቦታ አለው። እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ኮንትራቷ ትዝ አላት፣ ደብዳቤው ትዝ አላት፣ ልቧም ደነገጠ። ድንጋጤው ሳያልፍ «አልተጠናቀቀም» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

አቶ ተስፋዓለም አነበቡት። ቅንድባቸው ተነሣ። «ይህ ማለት» አሉ፣ «እስኪጠናቀቅ ድረስ በየሳምንቱ እየመጣሽ ልጆቹን ታስተምሪያለሽ፣ የቅርሶቹንም ይዞታ ታረጋግጫለሽ ማለት ነው።»

«ብቻዬን?»

«ብቻሽንማ ድግር ለጌጥ ነው ትያለሽ» አሉና መዝገባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ጋቢናው ውስጥ ገቡ።

ጌታሰው ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ፤ ወንጌላዊት ቀንበሩን ልታግዘው ከኋላው ተከተለች። ሩሃማ አይሱዙው ላይ እግሯን ስታነሣ ድምፁን ሰማችው።

«በሚቀጥለው ሙዚየም ስትሄጂ» ይላል ልጁን፣ «በሬዎቹን አደራ እንዳትነኪብኝ።»

«በሬ አይመዘገብም አሉኝ» አለች ወንጌላዊት። «ዓርብ ጠይቄያቸው ነበር።»